የእህቴ አንጎል ውስጥ የውሃ ከረጢት ተገኘ፣ ሐኪሙ «ከውሻ ነው» አለን። የምታውቁ ንገሩኝ

ሕይወት ዘሱሉልታ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የምንኖረው ሱሉልታ ነው፤ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ግማሹ እርሻ ግማሹ አዲስ ቤት የሆነ ሰፈር። የዘጠኝ ዓመት ታናሽ እህት አለችኝ። ከክረምቱ ጀምሮ ጠዋት ስትነሳ «ራሴን» ትላለች፣ ታስመልሳለች፣ ከሰዓት ግን ደህና ሆና ትጫወታለች። መጀመሪያ ጨጓራ ተባለ፣ ቀጥሎ ታይፎይድ። መድኃኒቱን ጨረሰች፣ ለውጥ የለም።

በኋላ መምህሯ ጠርታ ደብተሯን አሳየችን። መስከረም ላይ ቀጥ ብሎ ይጻፍ የነበረው ፊደል ኅዳር ላይ መስመሩን ስቶ ቁልቁል ይወርዳል። ቀኝ እጇ እየደከመ ነበር፣ እኛ ስንፍና መስሎን። አንድ እሁድ ቡና ተፈልቶ ሳለ ወድቃ ተንቀጠቀጠች። ጎረቤት ሮጦ መጣና ክብሪት ለኩሶ አፍንጫዋ ሥር ያዘ።

ሲቲ ስካን ተነሳች። ሐኪሙ ፊልሙን መስኮቱ ላይ ለጥፎ አሳየን። በግራ በኩል ትልቅ ክብ ነገር አለ፤ ጠርዙ ጥርት ያለ፣ መሐሉ ጥቁር። «ካንሰር አይመስለኝም፣ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ነው፣ የውሻ ትል እጭ ነው፣ በቀዶ ሕክምና ይወጣል» አለን። ቀጠሮ ይዘናል።

አሁን ቤቱ ተጨንቋል። እናቴ ለበዓል ክትፎ ስላጎረሰቻት «እኔ ነኝ የገደልኳት» እያለች ታለቅሳለች። አባቴ ውሻውን ሊያስወግድ ነው። አክስቴ ደግሞ የራሷን ልጆች ከእህቴ ጋር እንዳይበሉ ከለከለች። እውነቱን የሚያውቅ ይንገረኝ።

ማሕደር

አይዞሽ እህቴ። እግዚአብሔር ይማርላችሁ። ለእናትሽ ደግሞ በርቺ በያት፣ ጉልበቷን ለቀዶ ሕክምናው ቀን ታስቀምጥ።

ቢኒ ጀሞ

ፈጣሪ ይማርልሽ። ግን እኔ እንደሚመስለኝ ከጥሬ ሥጋ ነው። እኛ ሀገር ቁርጥ፣ ክትፎ፣ ዱለት ለብለብ፣ ሁሉም ትል ነው። የአጎቴ ልጅም ኮሶ ነበረበት። ሲቆይ ወደ ጭንቅላት ይወጣል ይባላል።

የነርቭ ክፍል ሐኪም

ሕይወት፣ በቅድሚያ ፈጣሪ ይማርላችሁ። የነርቭ ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው። ፊልሟን ሳላይ ስለ እሷ አልፈርድም፤ የያዛት ሐኪም ከእኔ ይበልጥ ያውቃታል። ስለ በሽታው ግን ልንገርሽ፤ እናትሽም ትስማ።

ቢኒ ያለው ትክክል አይደለም። ከጥሬ የከብት ሥጋ የሚመጣው የኮሶ ትል የሚኖረው አንጀት ውስጥ ነው። ወደ ጭንቅላት አይወጣም። ያስቸግራል፣ መታከም አለበት፣ ግን አንጎል ላይ ከረጢት አይሠራም። እናትሽ ያጎረሰቻት ክትፎ ከዚህ ጋር ምንም አያገናኘውም።

ሐኪማችሁ የጠረጠረው ኤኪኖኮከስ የሚባል ትል ነው። ጎልማሳው ትል የሚኖረው ውሻ አንጀት ውስጥ ነው። ርዝመቱ ከ2 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። አንድ ውሻ በሺዎች ተሸክሞም ደህና ሆኖ ይጮኻል፣ ይበላል፣ ጅራቱን ይቆላል። እንቁላሉ ከሰገራው ጋር ይወጣና ሣሩ ላይ፣ አፈሩ ላይ፣ የራሱ የውሻው ፀጉር ላይ ይቀራል። ቀዝቃዛና እርጥብ ቦታ ላይ ለወራት ሳይሞት ይቆያል። ከእንጦጦ ጀርባ ያለው አየር ይመቸዋል ማለት ነው። ሣሩን በግ ይግጠዋል። ልጅ ደግሞ ውሻውን ስታሻሽ ቆይታ እጇን ሳትታጠብ ዳቦ ትገምጣለች።

እንቁላሉ አንጀት ውስጥ ይፈለፈልና እጩ ግድግዳውን በስቶ ደም ውስጥ ይገባል። ከአንጀት የተነሳ ደም መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጉበት ነው። ለዚህ ነው ከአሥር ሰው ሰባት ያህሉ ጉበት ላይ የሚገኝበት። ጉበትን ያለፈው ሳንባ ላይ ይቀራል። ሁለቱንም ወንፊት ያለፈ እጭ ነው አንጎል የሚደርሰው፤ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ቢሆን ነው። አንጎል ላይ ሲገኝ ደግሞ በብዛት ልጆች ላይ ነው።

ከረጢቱ ቀስ ብሎ ስለሚያድግ አንጎሉ እየተገፋ ቦታ ይለቅለታል። ምልክት የሚመጣው ቦታ ሲያልቅ ነው። የጠዋት ራስ ምታትና ትውከት፣ የእጅ ድካም፣ መንቀጥቀጥ፣ የዓይን ብዥታ፣ ሁሉም ከውስጥ ግፊት የሚመጣ ነው። እንቁላሉን የዋጠችው ከዓመት በፊት ሊሆን ይችላል፣ ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። «በየትኛው ቀን ነው?» እያላችሁ ራሳችሁን አትቅጡ።

አሁን ወደ አክስትሽ። ይህ በሽታ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በምራቅ አይተላለፍም፣ በአንድ ትሪ በመብላት አይተላለፍም፣ አብሮ በመተኛት አይተላለፍም። ሰው ላይ ያለው እጩ ብቻ ነው፣ እንቁላል አይጥልም። ማንኪያ አትለዩባት። የታመመች ልጅ ገበታ ተለይቶባት ስትቀመጥ ምን እንደሚሰማት አስቡት።

ሕይወት ዘሱሉልታ

ዶክተር እግዜር ይስጥልኝ። ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት፣ የክትፎውን ነገር ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። ቀዶ ሕክምናውስ? ውሃውን በመርፌ ቢቀዱላት አይቀልም ወይ ይላል አባቴ።

የነርቭ ክፍል ሐኪም

አባትሽ የጠየቁት ጥሩ ጥያቄ ነው። ጉበት ላይ ሲሆን በተመረጡ ሰዎች በመርፌ የሚሠራ ሕክምና አለ። አንጎል ላይ ግን የሚፈለገው ከረጢቱ ሳይፈነዳ ከነሙሉው እንዲወጣ ነው። ውስጡ ያለው ውሃ ከፈሰሰ ለሕይወት የሚያሰጋ አለርጂ ሊያስነሳ ይችላል። በውሃው ውስጥ ያሉት ጥቃቅን እጮችም ተበትነው እያንዳንዳቸው ሌላ ከረጢት መሥራት ይችላሉ።

ስለዚህ ዶውሊንግ በሚባለው ዘዴ ይሠራል። የራስ ቅሉ ሰፋ ተደርጎ ይከፈታል። ከዚያ ቀዶ ሐኪሙ በከረጢቱና በአንጎሉ መካከል ለስላሳ ቱቦ አስገብቶ የጨው ውሃ ቀስ እያለ ይለቃል። አልጋው ዘንበል ይደረጋል። ውሃው ከሥር እየገፋ ከረጢቱን ያንሳፍፈዋል፣ በራሱ ክብደትም እየተንሸራተተ ይወጣል። ማንም በመቆንጠጫ አይጎትተውም። ክፍሉ ውስጥ ያለን ሰዎች ያን ሰዓት ትንፋሽ እንኳ አናሰማም።

ከዚያ በኋላ አልቤንዳዞል የሚባለውን የትል መድኃኒት ለተወሰኑ ወራት ልትወስድ ትችላለች፣ መጠኑን ሐኪሟ ይወስናል። አንድ ፍሬ ገዝቶ መዋጥ ለዚህ በሽታ አይጠቅምም። ሆዷ በአልትራሳውንድ፣ ደረቷ በራጅ መታየት አለበት፣ ሌላ ቦታም ካለ እንዲታወቅ። እናንተም አብራችሁ የምትኖሩት አንድ ጊዜ የሆድ አልትራሳውንድ ብትነሱ ጥሩ ነው፤ ውሻውና ግቢው የጋራችሁ ነውና።

ሌላ አንድ ነገር። ስትንቀጠቀጥ ክብሪት አይሸተትም፣ አፏ ውስጥ ማንኪያም ሆነ ጣት አይገባም። ወደ ጎኗ አስተኟት፣ ራሷ ሥር ልብስ አድርጉ፣ ሰዓት ያዙ። ከ5 ደቂቃ ካለፈ በቀጥታ ሆስፒታል ውሰዷት። ጠበል የምትወስዷት ከሆነ ውሰዷት፤ የሚጥል በሽታ መድኃኒቱን ግን አንድም ቀን አታቋርጡባት።

ቢኒ ጀሞ

ገባኝ ዶክተር፣ አመሰግናለሁ። ዱለትስ? ጉበት ላይ ያለውን ከረጢት በጥሬው ብንበላውስ?

የእንስሳት ሐኪም ሰበታ

ይህንን ለእኔ ተዉልኝ። ሰው ከረጢቱን ቢበላ ይህ በሽታ አይዘውም። ከረጢቱን ውሻ ሲበላው ነው ትል የሚሆነው፣ ሰውን የሚይዘው ደግሞ ከውሻው የሚወጣው እንቁላል ነው። ዙሩ ይህ ነው፦ ከበግ ወደ ውሻ፣ ከውሻ ወደ ሣር፣ ከሣር ወደ በግ። ሰው መሐል መንገድ ላይ በስህተት የሚገባ ነው። ከረጢት ያለበትን ጉበት ብሉ ማለቴ ግን አይደለም፣ ይወገዳል።

እስቲ እያንዳንዳችን ቤት የሚደረገውን እናስብ። ለፋሲካ በግ ይታረዳል። ሆድ ዕቃው ይወጣል፣ ጨጓራው ይታጠባል፣ ጉበቱ ለዱለት ይቀመጣል። ሳንባውስ? ሳንባ የሚበላ ሰው ጥቂት ነው። አራጁ ሳንባውን ያነሳና አጥር ሥር ቆሞ ለሚጠብቀው ውሻ ይወረውራል። ብዙ ጊዜ ሳንባው ላይ ነጣ ያለ፣ ሲነኩት ጠጠር የሚል፣ ውሃ የያዘ እብጠት ይኖራል። አይተነው «ይህ አይበላም» እንላለን። ለውሻ እንሰጠዋለን። እዚያች ላይ ነው በሽታውን በገዛ እጃችን ወደ ግቢያችን የምንመልሰው። እኔ በዚህ ሥራ ላይ እያለሁ ከምንም በላይ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ ለመከላከል ገንዘብ እንኳ አይጠይቅም።

ቄራ ውስጥ የሥጋ መርማሪ አለ፣ እንዲህ ያለውን ሳንባና ጉበት ይጥለዋል። የቤት እርድ ላይ ግን መርማሪው ራሳችን ነን። ከረጢት ያለበትን ቆርጣችሁ አትክፈቱት። ጉድጓድ ቆፍሩ፣ ጥልቅ ይሁን፣ ከላይ ድንጋይ ጫኑበት። ሱሉልታም ሰንዳፋም ጅብ አለ፣ ጥልቅ ካልሆነ ሌሊት ያወጣዋል። ለውሻ የግድ መስጠት የሚፈልግ ቢያንስ 30 ደቂቃ ይቀቅለው፣ ያኔ እጩ ይሞታል።

ገበሬው ዘሰንዳፋ

ልጆቼ፣ ጽሑፉን ልጄ ነው የሚጽፍልኝ። እኔ ዕድሜዬን በሙሉ በግ አርብቻለሁ። እናንተ የምታወሩትን እኛ በበግ ላይ እናውቀዋለን። አዙሪት እንለዋለን።

በጉ መጀመሪያ ከመንጋው ወደ ኋላ ይቀራል። ቀጥሎ አንገቱን ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። ከዚያ በአንድ ቦታ ላይ መዞር ይጀምራል፤ ሣሩ ክብ ሆኖ እስኪረገጥ ይዞራል። በአንድ ዓይኑ አያይም፣ ከአጥር ጋር ይጋጫል። ግንባሩን በአውራ ጣት ስትጫኑት አጥንቱ ሳስቶ እሺ ይላል። ያኔ እንግዲህ ከመክሳቱ በፊት ይታረዳል፣ አለዚያም ለገበያ ይወሰዳል። ጭንቅላቱን በመጥረቢያ ስትፈልጡት ስስ ከረጢት አለ፣ ውሃው ኩልል ያለ፣ በውስጠኛው ገጹ ላይ ነጫጭ ፍሬ ተለጥፎበታል። ይህን ጭንቅላት አባቶቻችንም ለውሻ ነው የሚሰጡት፣ እኛም እንዲሁ።

ታዲያ የልጅቷ እንደዚህ ያለው ነው ወይስ ሌላ?

የእንስሳት ሐኪም ሰበታ

አባባ፣ ከእርስዎ በተሻለ የሚገልጸው መጽሐፍ የለም። አዙሪት የሚያመጣው የውሻ ትል ነው፣ ግን ሌላ ዝርያ ነው። ቴኒያ መልቲሴፕስ ይባላል። ይህኛው ውሻ ውስጥ ረዥም ነው፣ እስከ 1 ሜትር ይደርሳል። ያዩዋቸው ነጫጭ ፍሬዎች እያንዳንዳቸው የትል ራስ ናቸው። አንድ ውሻ ያን አንድ ጭንቅላት ከበላ ከእያንዳንዱ ፍሬ አንድ ትል ሊበቅልበት ይችላል። ከአንድ ወር ትንሽ አልፎ ደግሞ እንቁላሉን ግጦሹ ላይ ይበትናል። በሚቀጥለው ዓመት የሚዞረው በግ የዛሬው ጭንቅላት ያመጣው ነው።

የልጅቷ፣ ሐኪሟ እንዳለው ከሆነ፣ የመጀመሪያው ነው። አዙሪትም ሰውን ይይዛል፣ ግን እጅግ ብርቅ ነው። አንጎል ላይ የተገኘበት የመጀመሪያው የታወቀ ሰው እ.ኤ.አ. በ1913 ፓሪስ ነው የተመዘገበው፤ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ መናገርም አቅቶት ነበር። ከዚያ ወዲህ አፍሪካ ውስጥም ተገኝቷል፣ ዓይን ውስጥና ቆዳ ሥር ጭምር። ብርቅ ቢሆንም መንገዱ ያው ነው፣ መዝጊያውም ያው።

የአዙሪት በግ ሥጋው ሰውን አያስይዝም፤ ችግሩ ጭንቅላቱ ነው። ሳይፈለጥ ከነቆዳው ይቀበር ወይም ይቃጠል። ከቻሉ በገበያ አይሽጡት አባባ፤ የሚገዛው የከተማ ሰው ጭንቅላቱን የት እንደሚጥለው አይታወቅም።

ገበሬው ዘሰንዳፋ

ሰማሁ። እቀብረዋለሁ። የሰፈሩ ሰው ግን ለውሻው ምን ይስጥ? ውሻ ሳይበላ ቤት አይጠብቅም።

የእንስሳት ሐኪም ሰበታ

አጥንትና ተራ የሥጋ ትርፍራፊ ይስጡት፣ እህል ይስጡት። የሚከለከለው ያልተቀቀለ ጭንቅላት፣ ሳንባ፣ ጉበት፣ ልብ፣ ኩላሊትና ጣፊያ ነው።

ሮቤል ኮዬ ፈጬ

ለምን ሁሉንም የመንገድ ውሻ በመርዝ አንጨርሰውም? ኮንዶሚኒየሙ ሥር መንጋ ሆነው ነው የሚያድሩት። ልጅ ከሚሞት ውሻ ይሙት።

የእንስሳት ሐኪም ሰበታ

ሮቤል፣ ስለ ልጆች መቆርቆርህ ገብቶኛል። መርዙ ግን አይሠራም። ሜዳው ላይ ሳንባ እስከተጣለ ድረስ ከሌላ ሰፈር ሌሎች ውሾች ይመጣሉ። መርዙን ባለቤት ያለው ውሻም ይበላዋል፣ ሬሳው የትም ይወድቃል።

የሚሠራውን ሌሎች አሳይተውናል። አይስላንድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በዚህ በሽታ ከተጠቁት ሀገሮች ዋነኛዋ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ክራቤ የሚባል ተመራማሪ ሄዶ ውሾችን መረመረ፣ ከአራቱ ከአንዱ በላይ ትሉ ተገኘበት። ለሕዝቡ በቀላል ቋንቋ ትንሽ መጽሐፍ ጻፈ፣ በየቤቱ ተከፋፈለ። ሰው ክረምቱ ረዥም ስለሆነ ያነብባል። ሆድ ዕቃ መቅበር ተለመደ፣ ውሻ ላይ ሕግ ወጣ። ቀስ በቀስ በሽታው ከሀገሩ ጠፋ። ያኔ ዛሬ ያለን መድኃኒት እንኳ አልነበረም። ኒውዚላንድም ብዙ አሥርት ዓመታት ለፍታ እ.ኤ.አ. በ2002 ከበሽታው ነጻ መሆኗን አሳወቀች።

ዛሬ ፕራዚኳንቴል አለ። ለውሻ በኪሎ 5 ሚሊ ግራም ይሰጣል፣ ትሉን ይገድላል። በዓመት ቢያንስ 4 ጊዜ፣ ከተቻለ በየስድስት ሳምንቱ። የወረዳችሁ የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ጠይቁ። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ መድኃኒቱ ትሉን እንጂ እንቁላሉን አይገድልም። ስለዚህ ውሻው መድኃኒቱን ከወሰደ በኋላ ለጥቂት ቀን ታስሮ ይቆይ፣ ሰገራው ተለቅሞ ይቀበር ወይም ይቃጠል።

ሕይወት፣ አባትሽ ውሻውን አያስወግዱት። መድኃኒት ይስጡት፣ ሳንባ ይከልክሉት።

ትዕግሥት ለገጣፎ

እኔ ውሻ የለኝም። ሰላጣና ካሮት ግን ከጉሊት ነው የምገዛው፣ ማሳው ውስጥ ውሻ ሲሮጥ አያለሁ። በኮምጣጤ ዘፍዝፌ ነው የማጥበው፣ በቂ ነው?

የነርቭ ክፍል ሐኪም

እህቴ፣ ኮምጣጤ እንቁላሉን አይገድልም። በረኪናም ብትጨምሪ የሚተማመኑበት አይደለም፣ ቅርፊቱ ጠንካራ ነው። የሚያወጣው የሚፈስ ውሃና የእጅሽ ማሸት ነው። ሰላጣውን ቅጠል በቅጠል ለይተሽ፣ ሁለቱንም ገጽ በቧንቧ ውሃ ሥር እሺው። ካሮት ይላጥ። ውሃ በሚጠፋባቸው ቀናት ጎመኑን ቀቅለሽ ብዪ፣ ሰላጣውን ለሌላ ቀን አቆዪው። ሙቀት ይገድለዋል። ልጆች ደግሞ ከአፈር ጨዋታ ሲመለሱ እጅ በሳሙና፣ ጥፍር አጭር።

ናሆም

ዲያስፖራ ያለ ዘመዴ አንጎል ላይ ትል የሚመጣው ከአሳማ ነው አለኝ። እኛ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አሳማ አንበላም፣ ስለዚህ አይመለከተንም ማለት ነው?

የነርቭ ክፍል ሐኪም

ናሆም፣ ያ ሦስተኛው ትል ነው፣ ቴኒያ ሶሊየም። በዓለም ላይ አንጎልን በመጉዳት ከሁሉም የበለጠው እሱ ነው፣ ብርቅም አይደለም። ግን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። በደንብ ያልበሰለ የአሳማ ሥጋ የበላ ሰው አንጀቱ ውስጥ ረዥሙ ትል ያድጋል። አንጎል ላይ ያለው እጭ የሚመጣው ግን ከሥጋው አይደለም። አንጀቱ ውስጥ ትል ካለበት ሰው ሰገራ፣ ባልታጠበ እጅ በኩል ወደ ምግብ በሚገባ እንቁላል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመ ጥናት አለ። ኒውዮርክ ውስጥ አሳማ በአፋቸው የማይዞር ኦርቶዶክስ አይሁዶች ላይ ይኸው በሽታ አንጎላቸው ላይ ተገኘ። ሲመረመር በየቤታቸው ምግብ ያበስሉ የነበሩ ሠራተኞች ናቸው ትሉን ሳያውቁት የተሸከሙት። ስለዚህ አሳማ አለመብላት አደጋውን ይቀንሳል፣ ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። መጸዳጃ ቤትና የእጅ መታጠቢያ ናቸው የሚያጠፉት።

ለሁሉም ሰው ደግሞ ይህን ልበል። ራሱን ያመመው ሁሉ ትል አለበት ማለት አይደለም። እኛ ዘንድ አንጎል ላይ እብጠት ሲታይ የቲቢ ቋጠሮ፣ መግልና ዕጢም አሉ፣ ሕክምናቸው የተለያየ ነው። የትል መድኃኒት በግምት መውሰድ አንጎል ላይ ያለ እጭ በድንገት እንዲሞትና አካባቢው እንዲያብጥ ሊያደርግ ይችላል፣ ያ ራሱ አደጋ ነው። መጀመሪያ ምስል ይነሳ፣ ከዚያ መድኃኒት።

ሕይወት ዘሱሉልታ

ቤተሰብ፣ ዛሬ ተሠራላት። ስምንት ሰዓት ላይ ገብታ ማታ ወጣች። ቀዶ ሐኪሙ «ከነሙሉው ወጣ፣ አልፈነዳም» አለን። እናቴ እዚያው ኮሪደሩ ላይ እልል አለች፣ ነርሶቹ ዝም አሰኟት፣ እነሱም እየሳቁ። አሁን ነቅታለች። ቀኝ እጇን ጨብጪ ሲሏት ትጨብጣለች፣ ደካማ ነው ግን ትጨብጣለች። ከረጢቱ ለላቦራቶሪ ተልኳል። አልትራሳውንዱ ጉበቷ ላይ ምንም የለም ይላል፣ የእኔና የወንድሜም ንጹሕ ነው። አክስቴ ደግሞ ልጆቿን ይዛ ለጥየቃ መጥታለች።

ማሕደር

ተመስገን! እግዚአብሔር ጨርሶ ይማራት።

ገበሬው ዘሰንዳፋ

ምሕረት ይስጣት የኔ ልጅ። ትላንት የዕድራችን ስብሰባ ላይ ይህን ነገር አነሳሁት። ለፋሲካ አንድ የጋራ ጉድጓድ ልንቆፍር ተስማምተናል፣ ሳንባና ጭንቅላት የሚጣልበት። አንዳንዱ አኩርፏል፣ ውሻዬን ሊያስርቡብኝ ነው ብሎ። የእንስሳት ሐኪሙ መጥቶ ቢያስረዳልን።

የእንስሳት ሐኪም ሰበታ

አባባ፣ ስልክዎን በውስጥ መስመር ይላኩልኝ። እኔ ባልችል የወረዳችሁን ባለሙያ አገናኝዎታለሁ። ጉድጓዱ ከውሃ ጉድጓድ የራቀ ይሁን፣ ክዳን ይኑረው።

ትዕግሥት ለገጣፎ

ይቅርታ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ። ድመትስ? ልጄ ከድመት ጋር ነው የምትተኛው። ጎረቤት ደግሞ አራት ቡችላ ሊሰጠን ነው።

የእንስሳት ሐኪም ሰበታ

ለእነዚህ ለሁለቱ ትሎች ድመት ምቹ ቤት አይደለችም፣ በዚህ በኩል አታስቢ። ድመት የራሷ ሌላ በሽታዎች አሏት፣ አልጋ ላይ ባትወጣ ይመረጣል። ቡችላዎቹን ከመውሰድሽ በፊት ግን ክሊኒክ ይታዩ። ለቡችላ የሚሰጠው የትል መድኃኒት ለክቡ ትል (ለወስፋት) ብቻ የሆነ ስላለ፣ ፕራዚኳንቴል ያለበት መሆኑን ጠይቂ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱንም ቀጠሮ አብረሽ ያዢ።

ትዕግሥት ለገጣፎ

እሺ ዶክተር። አንዱን ብቻ ነው የምወስደው፣ ቅዳሜ ይዤው እሄዳለሁ።